ከካሴት እስከ ፋይበር፦ የቤት ኢንተርኔት በአሽዶድ፣ መንገዱና ዋጋው

የዛሬዋ አሽዶድ ገና አሸዋ በነበረችበት ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይደወል ነበር። ስልክ ወደ ምኒልክ አገር የገባው በ1894 ነው፤ አሽዶድ የተቆረቆረችው በ1956፣ ወደቧ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1965። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ከጎንደር ገጠር፣ ከአምቦበርና ከወለቃ አካባቢ ተነሥተው እስራኤል ከገቡት ወላጆቻችን ብዙዎቹ አገራቸው ሳሉ የስልክ እጀታ ጨብጠው አያውቁም። መስመሩ አገር ውስጥ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እነሱ ቤት ግን አልደረሰም። በአሽዶድ ስለ ቤት ኢንተርኔት ስንነጋገርም ጉዳዩ ያው ነው። ፋይበሩ በአብዛኛው መንገድ ሥር አልፏል፤ ቀሪው ጥያቄ ከመንገዱ ተነሥቶ ደረጃውን ወጥቶ ወደ ሳሎን እንዴት ይገባል፣ በስንት ሼቄል፣ በማን ቋንቋ በተጻፈ ውል የሚለው ነው።

በከተማችን አሮጌ ሰፈሮች ዛሬም ቤት ውስጥ መስመር ሳያስገቡ በእጅ ስልክ ዳታ ብቻ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ሌሎች መስመር አላቸው፤ ግን ለዘገየ ኢንተርኔት የፈጣኑን ዋጋ እየከፈሉ ነው። ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለምና ከሥሩ ማየቱ ይበጃል።

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ የእስራኤል መንግሥት የሙሴ ዘመቻ የእኛን ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል ሲያመጣ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ። አባት እዚህ፣ እናት እዚያ፤ ልጅ እዚህ፣ አያት እዚያ። በኢትዮጵያና በእስራኤል መካከል የነበረው ግንኙነት ከ1973 ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር እስከ 1989 ድረስ መላላክ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ደብዳቤ በሦስተኛ አገር ዞሮ ይሄዳል፤ ማን ከፍቶ እንደሚያነበው አይታወቅም። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ደግሞ የሚያነብላቸው ሰው መፈለግ ነበረባቸው። ስለዚህ ካሴት መጣ። ቴፑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ቤተሰቡ ይከበዋል፣ ትልቁ ሰው ይጀምራል፦ እንዴት ናችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ እገሌ ዳነ ወይ። እያንዳንዱ ዘመድ በስሙ ይጠራል፤ ያልተጠራ ይቀየማልና። ከዚያ ካሴቱ በመንገደኛ እጅ ይሄዳል፤ መልሱ ከወራት በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዱ መልስ የሚመጣው ጠያቂው ካረፈ በኋላ ነበር። ስለ ኢንተርኔት ዋጋ በሼቄል ስናሰላ ይህን የሚያስታውስ ትውልድ ከእኛ ጋር እንዳለ አንርሳ። ለእነሱ የጎንደሯን እኅት ፊት በስክሪን ማየት መዝናኛ ሆኖ አያውቅም።

እስራኤል ራሷም በዚያ ዘመን በስልክ የበለጸገች አልነበረችም። ስልኩን የሚያስተዳድረው የመገናኛ ሚኒስቴር ነበር፤ መስመር ለማስገባት ዓመታት ይጠበቅ ነበር። ግማሹ አገር ስልክ ይጠብቃል፣ ግማሹ ደግሞ የስልኩን ድምፅ ይጠብቃል ይባል ነበር። ቤዜክ የሚባለው ኩባንያ ሥራ የጀመረው በ1984 መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የሙሴ ዘመቻ ሰዎች ሲደርሱ ኩባንያው ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። አዲስ ገቢዎች በሚያርፉባቸው የመቀበያ ማዕከላት ደጃፍ የሕዝብ ስልክ ይቆም ነበር፤ አሲሞን የሚባለውን መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ሳንቲም ይዞ መሰለፍ የዚያ ዘመን ልምድ ነው።

ከዚያ ግንቦት 1991 መጣ። በሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተሻገረ። ብዙው ሕዝብ መጀመሪያ በሆቴልና በካራቫን ሰፈር ቆየ፤ ከ1993 ወዲህ መንግሥት አብዛኛውን የቤት ዋጋ በስጦታ የሚሸፍን ብድር ስላዘጋጀ ቤተሰቦች ከካራቫኑ ወጥተው ቤት ገዙ። ገንዘቡ የሚበቃው ግን ለርካሽ ቤት ነበር። ርካሽ ቤት ደግሞ የሚገኘው በአሮጌው ሺኩን (የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ) ውስጥ ነው፤ በአሽዶድ፣ በኪርያት መላኪ፣ በረሖቮት፣ በአሽኬሎን፣ በነታንያ። እነዚያ ሕንፃዎች በአብዛኛው የተሠሩት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲሆን ለአንድ ቤት አንድ የመዳብ ስልክ መስመር ይበቃል በተባለበት ዘመን ነው። እኔ እንደማየው የዛሬው የኢንተርኔት ችግራችን ግማሹ ያኔ ተወሰነ። ቤቱን ስንገዛ ሽቦውንም አብረን ገዛን።

የውጭ ጥሪ ዋጋ የብቻው ታሪክ አለው። እስከ 1997 ድረስ ከእስራኤል ወደ ውጭ የሚደወለው በቤዜክ በኩል ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ተወዳዳሪዎች ሲገቡ የውጭ ጥሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ ተናደ። ለአሜሪካና ለአውሮፓ ነው የተናደው ማለት ይሻላል፤ ኢትዮጵያ ውድ ሆና ቆየች፤ ምክንያቱም እዚያም ያለው ቴሌ አንድ ብቻ ስለነበር ከውጭ ለሚገባ ጥሪ ያስከፍል የነበረው ዋጋ ከባድ ነበር። የእኛ ሰዎች በየሱቁ ካርድ እየገዙ፣ ቁጥሩን እየፋቁ፣ ደቂቃ እየቆጠሩ ይደውሉ ነበር። ጎንደር ያለው ዘመድም ቀጠሮ ተይዞለት፣ ከገጠር ወጥቶ፣ ቴሌ ወይም ጎረቤት ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። ካርዱ በሰላምታው መሐል ያልቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ድምፅን በኢንተርኔት አሳልፎ ለተራ ሰው በገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፕሮግራም የወጣው ከዚሁ አገር፣ ቮካልቴክ ከሚባል የእስራኤል ኩባንያ በ1995 ነው። ከአሽዶድ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ሰዎች በኮምፒውተር መነጋገር ሲጀምሩ የእኛ እናቶች ካርድ ይፍቁ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የተጀመረው በ1997 ሲሆን፣ በ2002 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ከለከለ። የቴሌን ገቢ ለመጠበቅ የተዘረጋ አጥር ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት በሁለቱም ወገን ያሉ ድሆች ናቸው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈጣን ኢንተርኔት በአሽዶድ ቤቶች መግባት ጀመረ። መንገዱ ሁለት ነበር፦ ቤዜክ በስልክ መዳቡ ላይ፣ የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያዎቹ (በኋላ ሆት በሚል ስም የተጠቃለሉት) በቴሌቪዥን ኬብሉ ላይ። ሕጉ ደግሞ መሠረተ ልማቱንና (በዕብራይስጥ ታሽቲት) አቅራቢውን (ሳፓክ) ለየ። ለታሽቲቱ አንድ ሒሳብ ይከፈላል፣ ለሳፓኩ ሌላ ሒሳብ። ሐሳቡ ውድድር ማምጣት ነበር፤ በተወሰነ ደረጃም አምጥቷል። ዕብራይስጥ በደንብ ለማያነብ ቤት ግን መከራ ሆነ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ታሽቲቱ “የሳፓኩ ችግር ነው” ይላል፣ ሳፓኩ “የታሽቲቱ ነው” ይላል። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ከትምህርት ቤት የተመለሰ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ስልኩን ይዞ ለእናቱ እየተረጎመ። አንዳንዱ ቤተሰብ ከአንዱ ውል ወጥቶ ከሌላው ሳይወጣ ለዓመታት ምንም ለማያገለግል መስመር ከፍሏል። ሁለቱን በአንድ ሒሳብ ከአንድ ኩባንያ መግዛት ለሁሉም የተፈቀደው በ2022 ነው። ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቷል።

በ2012 የእጅ ስልክ ገበያ ተከፈተ። የያኔው የመገናኛ ሚኒስትር ሞሼ ካህሎን ያካሄደው ማሻሻያ አዳዲስ ኩባንያዎችን አስገባና በወር መቶዎች ሼቄል የነበረው ሒሳብ ወደ አሥሮች ወረደ። በዚያው ሰሞን ቫይበር፣ ቀጥሎም ዋትሳፕና አይሞ በየስልኩ ገቡ። አይሞ በተለይ ደካማ ኔትወርክ ላይም ስለሚሠራ ከኢትዮጵያ ጋር ለሚነጋገር ሰው ዋና መገናኛ ሆነ። ካርድ መፋቅ ቀረ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አመጣ፦ ብዙ ቤት “ስልኬ ላይ ኢንተርኔት አለኝ፣ ለቤት ምን ያደርግልኛል?” አለ። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን በትንሽ ስክሪን መሥራት ለመዱ፤ ኮምፒውተሩ አረጀና አልተተካም።

መጋቢት 2020 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይህ ምርጫ ምን ያህል እንዳስከፈለን ታየ። አራትና አምስት ልጆች ባሉበት ቤት ትምህርቱ ሁሉ በዙም ሆነ። ትልቋ ልጅ የእናቷን ስልክ ትይዛለች፤ እናት ወደ ጽዳት ሥራ ስትሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል፤ ትምህርቱም ያበቃል። ዳታው በወሩ አጋማሽ ሲያልቅ ፍጥነቱ ይወርድና የመምህሩ ፊት ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። በዚያ ዓመት የስግድ በዓላችን እንኳ በስክሪን የታየበት ቤት ብዙ ነው። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ ትልቅ መቋረጥ ደረሰ፦ በሰኔ መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ በአገሪቱ ሁሉ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ፣ በኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ መስመር ተቆረጠ።

ወደ ፋይበሩ እንምጣ። በ2020 መጨረሻ የወጣው ሕግ ቤዜክ ፋይበሩን የሚዘረጋባቸውን አካባቢዎች ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ እሱ ለተዋቸው አካባቢዎች ደግሞ የማበረታቻ ፈንድ አቋቋመ። ኩባንያዎቹ ከገቢያቸው ግማሽ ከመቶ ወደዚያ ፈንድ ያስገባሉ፣ በጨረታ ያሸነፈ ኩባንያ በዚያ ገንዘብ በተተዉት አካባቢዎች መስመር ይዘረጋል። ቤዜክ ፋይበሩን መሸጥ የጀመረው በመጋቢት 2021 ሲሆን፣ ፓርትነርና በኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ምሰሶና ቦይ የሚሄደው አይቢሲ የተባሉት ኩባንያዎች ቀድመውት ጀምረዋል። አሽዶድ ፎቅ የበዛበትና ሕዝብ የተጠጋጋበት ከተማ ስለሆነ ለማንኛውም ኩባንያ አዋጭ ነው፤ የፈንዱ ገንዘብ የታሰበው ይልቁንም ለራቁ መንደሮች ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ ሲታይ እኛ ችግር የለብንም።

ችግሩ ደረጃው ላይ ነው። በአንድ አሮጌ ሺኩን መግቢያ ገብታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ፦ ከፖስታ ሣጥኖቹ በላይ የተከፈተ የብረት ሣጥን፣ ከውስጡ የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ፣ ከጎኑ የኬብል ቴሌቪዥን ጥቁር ገመድ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ እየወጣ፣ በየፎቁ በቀለም የተደፈነ ቱቦ። ፋይበሩ ከመንገድ መጥቶ ምድር ቤት ሣጥን ውስጥ ይቆማል። ከዚያ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ክፍት ቱቦ ያስፈልገዋል። ቱቦው ከተደፈነ ቴክኒሻኑ “ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጡና አስከፍቱ” ብሎ ይሄዳል። በአዲስ ሕንፃ ቫዓድ ባይቱ፣ ማለት የነዋሪዎቹ ኮሚቴ፣ መዋጮ ሰብስቦ ያስከፍታል፤ ወርኃዊ መዋጮ በማይሰበሰብበት፣ ግማሹ ተከራይ በሆነበት ሕንፃ ግን ማን ያስከፍታል? ተከራዩ “ቤቱ የእኔ አይደለም” ይላል፣ አከራዩ አይመጣም። እንዲህ ሆኖ ፋይበሩ ከበሩ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ይቀራል። በእነዚህ ቤቶች ያለው መሰናክል የቱቦና የጎረቤት ስምምነት ስለሆነ በአንድ ስብሰባና በአንድ ቀን ሥራ ይፈታል፤ ይህን የምለው ሲፈታ ስላየሁ ነው።

አሁን ለመምረጥ ለሚፈልግ ሰው። ፋይበር ሕንፃው ውስጥ ካለ ሌላ አትመልከቱ። በወር አንድ መቶ ሼቄል አካባቢ ይገኛል፣ የሚሰቀለውም የሚወርደውም ፈጣን ነው። አምስት ሰው በየስልኩ ከ30 እስከ 50 ሼቄል ከሚያወጣ፣ ለስልኩ ትንሹን ውል ይዞ ቤት ውስጥ አንድ መስመር ቢያስገባ ለብዙ ቤተሰብ ይረክሳል። ፋይበር ከሌለ የቴሌቪዥን ኬብሉ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ለፊልም በቂ ነው፣ ወደ ላይ የሚልከው ግን ቀጭን ስለሆነ ሁለት ልጅ በቪዲዮ ሲማርና እናት ከጎንደር ጋር ስታወራ ይጨናነቃል። የመዳቡ መስመር ፍጥነቱ ከመንገዱ ሣጥን ባለው ርቀት ይወሰናል፤ ውሉ ላይ “እስከ 100” ቢልም የሚደርሰው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሲም ካርድ የሚገባበት የቤት ራውተር ለተከራይና በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ሰው ይመቻል፤ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠቀም ግን ይቀንሳል።

ስለ አስተማማኝነት ስንናገር በአሽዶድ ጦርነትን ሳይቆጥሩ መናገር አይቻልም። ከተማዋ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሮኬት ስትመታ ኖራለች። ማማድ፣ ማለት በቤት ውስጥ ያለ የተጠናከረ መጠለያ ክፍል፣ በየአዲሱ ቤት እንዲሠራ የታዘዘው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በ1992 ስለሆነ፣ የእኛ ሰዎች የገዟቸው አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ ማማድ የላቸውም፤ ያላቸው የጋራ መጠለያ (ሚክላት) ነው። ማማድ ያለውም ቢሆን ወፍራሙ ኮንክሪትና የብረቱ መስኮት ዋይፋዩንም የስልኩንም ኔትወርክ ያደክማል። መረጃ በጣም በሚያስፈልግበት ደቂቃ ስልኩ ይሞታል ማለት ነው። ከራውተሩ እስከ ማማዱ አንድ የኔትወርክ ገመድ መሳብ፣ ወይም ከበሩ አጠገብ ሁለተኛ ማሠራጫ ማስቀመጥ ይህን ያቃልላል። ሌላም አለ። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለነበር መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር፤ ፋይበሩ ግን ቤት ውስጥ ያለው ሣጥንና ራውተሩ መብራት ከሌላቸው ይቆማል። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ያሉበት ቤት ራውተሩን የሚይዝ ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም።

ከሽቦው ይልቅ የሚያስቆጨኝ ግን ውሉ ነው። የእናቴን የወር ሒሳብ ወስጄ መስመር በመስመር ባነበብኩ ጊዜ ለራውተር ኪራይ፣ ለዋይፋይ ማጠናከሪያ፣ ለሳይበር ጥበቃ፣ ለማትነካው የቤት ስልክ የምትከፍለው ተደምሮ ከኢንተርኔቱ ዋጋ ጋር ሊተካከል ጥቂት ቀርቶት አገኘሁ። ማንም በግድ አላስፈረማትም። ደውለው በዕብራይስጥ ፈጥነው አወሯት፤ እሷም ለጨዋነት ስትል “ኬን፣ ኬን” (አዎ፣ አዎ) አለች። የአንድ ዓመቱ ቅናሽ አልቆ ዋጋው ሲጨምርም የመጣውን መልእክት የሚያነብላት አልነበረም። ልጇ ነኝና ይህ የእኔም ድርሻ ነበር። ሠፈሬ ውስጥ ይህን ሒሳብ የማይከፍል ሽማግሌ ቤት ማግኘት ይከብደኛል።

ሕጉ ግን ከእነሱ ጋር ነው፤ ይህን ማወቅ ገንዘብ ነው። የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች፣ አካል ጉዳተኞችና ከመጡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች በስልክ ንግግር የገቡበትን ውል እስከ አራት ወር ድረስ እንዲሰርዙ ይፈቅዳል። ለሌላው ሰው ጊዜው 14 ቀን ነው። ቀጣይ አገልግሎትን ለማቋረጥ ያስታወቀ ደንበኛ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሊቋረጥለት ይገባል። ቅናሹ ሊያልቅ ሲል ኩባንያው አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። በ2011 የተሻሻለው የኮሙኒኬሽን ሕግ ለተራ ደንበኛ የመውጫ ቅጣትን በአብዛኛው አስቀርቷል፤ ስለዚህ “ከወጣሽ ትቀጫለሽ” የሚል ማስፈራሪያ ሲመጣ ውሉን አሳዩኝ ማለት ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ለብልሽት፣ ለሒሳብና ለማቋረጥ የሚደውል ሰው በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሰው ሊያነሣለት ይገባል። እነዚህ ሕጎች በዕብራይስጥ ተጽፈው በአማርኛ ቤት ውስጥ ተዘግተው መኖራቸው ነው የሚያሳዝነኝ።

መስመር ሁለት ጫፍ አለው፤ የእኛን ጫፍ ብናስተካክልም ሌላው በእጃችን አይደለም። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲቀሰቀስ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ወራት አልፈው ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ብዙ ቦታ ሳይከፈት ቆየ። እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ያወጣችው በዚያው ወር ነው። ወደ እስራኤል ለመምጣት የሚጠባበቁ ሺዎች ግን ጎንደር ቀሩ። አሽዶድ ውስጥ ሺህ ሜጋ ፋይበር ያለው ቤት ቁጭ ብሎ “ኔትወርክ የለም” ሲባል ሰነበተ፤ ከአባቱ ዘመን የካሴት ጥበቃ የማይሻል ጥበቃ ነበር። ዘመዶቻችን ጋር ተራ የድምፅ ጥሪ ሲያልፍ ያልፋል፣ ሳያልፍ ይቀራል፤ ስለዚህ የዘመድን መደበኛ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ ዛሬም ያስፈልጋል።

የአሽዶድ ማዘጋጃ ቤት፣ የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ሚኒስቴርና ማኅበሮቻችን ቢሰሙኝ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፦ በአሮጌ ሕንፃዎች የተደፈኑ ቱቦዎች እንዲከፈቱ፣ የውል ማጠቃለያ በአማርኛ እንዲሰጥ፣ በየሰፈሩ ማዕከል በሳምንት አንድ ቀን ሒሳብ የሚያነብ ወጣት እንዲቀመጥ። እናንተ የምታነቡት ወጣቶች ግን ያን ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት እናታችሁ ወይም አያታችሁ ቤት ሂዱ፣ የኢንተርኔቱን ሒሳብ ጠይቁ፣ አንብቡላቸው፤ ዕድሜያቸው 65 ከሞላና በስልክ የገቡበት ውል አራት ወር ካልሞላው ስልኩን አንሥታችሁ አብራችኋቸው ደውሉ።